ከዳቦ ወረፋ የተወለደ በዓል

ቴሬዛ ማልኪል በ1874 ባር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ናት፤ ያኔ ግን የሩሲያ ዛር ግዛት ነበረች። የቴሬዛ ቤተሰብ አይሁዳዊ ነበር። በ1891 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ እሷም እንደ ብዙዎቹ የዛሩ ግዛት ስደተኛ ልጃገረዶች ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። እዚያ ያየችው ረጅም የሥራ ሰዓትና ጥቂት ክፍያ ወደ ሠራተኛ ማኅበር፣ ማኅበሩ ደግሞ ወደ አሜሪካ ሶሻሊስት ፓርቲ ወሰዳት። ፓርቲው በእሷ ግፊት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1909 «ብሔራዊ የሴቶች ቀን» ብሎ በኒውዮርክና በሌሎች ከተሞች አከበረ። በየአዳራሹ የተነሣው ጥያቄ የመምረጥ መብትና የሥራ ሁኔታ ነበር።

ስለ ሴቶች ቀን የሚጽፉ ብዙዎች፣ የእኛ ጋዜጦችና ሬዲዮዎችም ጭምር፣ ታሪኩን ከ1857 ይጀምራሉ። በዚያ ዓመት ማርች 8 ቀን የኒውዮርክ ልብስ ሰፊዎች ሰልፍ ወጥተው ፖሊስ በተናቸው ይባላል። በጊዜው በነበሩ ጋዜጦች ውስጥ ግን ይህ ሰልፍ አልተገኘም። ታሪክ አጥኚዎች ወሬውን ወደኋላ ተከታትለው የደረሱት ፈረንሳይ ውስጥ፣ በ1950ዎቹ በታተሙ የኮሚኒስት ጋዜጦች ላይ ነው። የተፈጠረ ታሪክ አያስፈልግም ነበር፤ እውነተኛው ከእሱ ይበልጣል።

በኦገስት 1910 ከ17 ሀገሮች የመጡ 100 ያህል ሶሻሊስት ሴቶች ኮፐንሃገን ላይ ተሰበሰቡ። ጀርመኖቹ ክላራ ዜትኪን፣ ሉዊዘ ዚትዝና ካቴ ዱንከር በየሀገሩ በየዓመቱ የሚከበር የሴቶች ቀን ይኑር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዋናው ጥያቄ የመምረጥ መብት ነበር። ስብሰባው ተስማማ፤ የተወሰነ ቀን ግን አልቆረጠም። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አሌክሳንድራ ኮሎንታይ ነበረች። የጄኔራል ልጅ ስትሆን ዛሩን በመቃወሟ ከሀገሯ ሸሽታ በአውሮፓ ትኖር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማርች 19 ቀን በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች አደባባይና አዳራሽ ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ በኒውዮርክ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሩሲያ ግዛት የመጡ።

ወደ ሩሲያ ቀኑ የገባው በ1913 ነው፤ የገባውም በስውር ነው። ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ በቀላሉ የማይፈቀድበት ሀገር ስለነበረ አዘጋጆቹ ለፖሊስ ያስመዘገቡት «ስለ ሴቶች ጉዳይ የሚካሄድ ሳይንሳዊ ጠዋት» ብለው ነው። ቦታው በሴንት ፒተርስቡርግ የሚገኘው ካላሽኒኮቭ የእህል ገበያ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ ሞላ። በአጀንዳው ላይ የሴቶች የመምረጥ መብት፣ መንግሥት ለእናቶች ሊያደርገው ስለሚገባ ድጋፍና የኑሮ ውድነት ነበሩ። ፖሊሶች መካከላቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ ከተናጋሪዎቹም የታሰሩ አሉ።

በ1914 በሌኒን የሚመራው የቦልሼቪክ ፓርቲ ሴቶች የራሳቸውን መጽሔት ለማውጣት ተነሡ። «ራቦትኒትሳ» አሉት፤ ሴት ሠራተኛ ማለት ነው። ገንዘቡ ከፋብሪካ ሴቶች በሳንቲም ተሰበሰበ። ሊታተም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፖሊስ የአዘጋጆቹን ስብሰባ ከብቦ ሁሉንም አፈሰ። ያመለጠችው ዘግይታ የደረሰችው የሌኒን ታላቅ እህት አና ኤሊዛሮቫ ብቻ ናት። እሷም ሥራውን ብቻዋን ይዛ የመጀመሪያውን እትም ለሴቶች ቀን አደረሰችው። በዚያ ዓመት ሰባት እትሞች ከወጡ በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ መጽሔቱም ተዘጋ።

በ1917 ክረምት ፔትሮግራድ ተርባ ነበር። (ጦርነቱ ሲጀመር የዋና ከተማይቱ ስም ጀርመንኛ ይመስላል ተብሎ ከሴንት ፒተርስቡርግ ወደ ፔትሮግራድ ተቀይሯል።) ወንዶቹ በሚሊዮን እየተቆጠሩ ወደ ግንባር ተወስደዋል። ከሀገሪቱ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ አርባ ከመቶ ያህሉ ሴቶች ሆነዋል። እህል ከሩሲያ ምድር አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ ከተማ የሚያደርሰው ነው። የባቡር ሐዲዱ በጦር ስንቅ ተጨናንቋል፣ ሎኮሞቲቮቹ በብርዱ እየተሰባበሩ ቆመዋል፣ ገበሬውም ዋጋው በየቀኑ በሚወድቅ ወረቀት እህሉን ለመሸጥ አልፈለገም። አንዲት ሸማኔ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ማሽን ላይ ቆማ ውላ ከፋብሪካው ስትወጣ ቀጥታ የምትሄደው ዳቦ ቤት ደጃፍ ወዳለው ወረፋ ነበር። በረዶው ላይ ለሰዓታት ትቆማለች፤ ተራዋ ሲደርስ ዳቦው አልቋል። በቤት ልጆች አሉ፤ ባል ግንባር ነው ወይም ሞቷል። በዚያ ወረፋ ውስጥ የሚወራውን የምስጢር ፖሊሱ ሰላዮች ሰምተው ለአለቆቻቸው ጽፈዋል፦ ከተቃዋሚ ፖለቲከኞቹ ይልቅ አደገኞቹ እነዚህ የደከሙ እናቶች ናቸው ብለው።

የሴቶች ቀን በዚያ ዓመት የዋለው በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23 ቀን ነው። ሩሲያ ያኔ የምትጠቀመው የጁልያንን አቆጣጠር ስለነበረ ከምዕራብ አውሮፓ በ13 ቀን ወደኋላ ትቀር ነበር። ቀኑ ለሌላው አውሮፓ ማርች 8፣ ለእኛ የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር።

የአብዮተኛ ፓርቲዎች ሰዎች ለዚያ ቀን ያሰቡት ስብሰባና በራሪ ወረቀት ብቻ ነበር። በዋዜማው ካዩሮቭ የተባለ፣ የፔትሮግራዱ ቪቦርግ ሰፈር የቦልሼቪክ ሠራተኛ የሴቶች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ አድማ እንዳይመቱ፣ የኮሚቴውን ትእዛዝ እንዲጠብቁ ለመናቸው። የፓርቲው ሰዎች ጊዜው ገና ነው፣ ሠራዊቱ ከእኛ ጋር አይደለም የሚል ስጋት ነበራቸው። ጠዋት ላይ የቪቦርግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ማሽኖቻቸውን አቁመው ወጡ። ካዩሮቭ ይህን ሲሰማ እጅግ መናደዱን ኋላ በማስታወሻው ጽፏል። ሴቶቹ ወደ ጎረቤት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሄደው በሩን እየደበደቡ፣ መስኮቱን በበረዶ እየመቱ ወንዶቹን ጠሩ፦ ውጡ፣ ሥራ አቁሙ፣ ዳቦ! ወንዶቹ ወጡ። ከተማው ዳር ያለው ትልቁ የፑቲሎቭ ፋብሪካ በዋዜማው በአሠሪዎቹ ተዘግቶ ስለነበር በሺዎች የሚቆጠሩ የእሱ ሠራተኞችም መንገድ ላይ ነበሩ። ለሳምንታት የቆየው ከባድ ብርድም በዚያው ሰሞን ትንሽ ላላ።

በፖሊስ ግምት በመጀመሪያው ቀን ያደሙት 90 ሺህ ያህል ነበሩ። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ 200 ሺህ ተጠጋ። የከተማው የጦር አዛዥ ጄኔራል ኻባሎቭ ዱቄት በቂ ነው የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው አስለጠፈ፤ ከወረፋው የመጣ ሰው ያንን እንዴት ያምናል? ንግሥቲቱ በጦሩ ጠቅላይ ሰፈር ላለው ባሏ በጻፈችው ደብዳቤ ነገሩን የወሮበላ ልጆች ጫጫታ አድርጋ አየችው፤ ብርዱ ቢጠና ኖሮ ሁሉም ቤታቸው ይቀመጡ ነበር አለች። ሴቶቹ ግን ወደ ወታደሮቹ መስመር እየቀረቡ ጠመንጃቸውን በእጃቸው እየያዙ ይለምኗቸው ነበር። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ወታደሮች ተኮሱ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በማግስቱ ግን የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር ወታደሮች በሕዝብ ላይ ዳግመኛ አንተኩስም ብለው በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሴቶቹ ማሽን ባቆሙ በሳምንቱ፣ ማርች 15 ቀን፣ ዛር ኒኮላይ ዳግማዊ ፕስኮቭ ላይ በቆመ ባቡር ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከ300 ዓመት በላይ የነገሠው የሮማኖቭ ቤት አበቃ።

አዲሱ ጊዜያዊ መንግሥት ስለ ነፃነት ብዙ ተናገረ፤ የሴቶችን ድምፅ ግን በግልጽ አልጠቀሰም። ኤፕሪል 1 ቀን 40 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች በኔቭስኪ ጎዳና ተምመው ፓርላማው ወዳለበት ወደ ታቭሪዳ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ፊት ለፊት የነበሩት ሐኪሟ ፖሊክሴና ሺሽኪና ያቬይንና በዛሩ ዘመን 20 ዓመት በሽሊሰልቡርግ ምሽግ የታሰረችው ቬራ ፊግነር ናቸው። ሕዝቡ መልስ ካልተሰጠው አልሄድም ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ መሪዎቹ ወጥተው ቃል እስኪገቡ ድረስ። በበጋው የወጣው የምርጫ ሕግ ከ20 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ሁሉ እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። በኖቬምበር ለሕገ መንግሥት ጉባኤው በተደረገው ምርጫ የሩሲያ ሴቶች ድምፅ ሲሰጡ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሴቶች ገና ይጠብቁ ነበር። ይህን ሰልፍ የሶቭየት መማሪያ መጻሕፍት ብዙም አላነሡትም፤ አብዛኞቹ ተሰላፊዎች ቦልሼቪክ አልነበሩምና። ለእኔ ግን ከዳቦው ጩኸት ጋር እኩል ቦታ የሚገባው ነው።

ቦልሼቪኮች ሥልጣን ሲይዙ ኮሎንታይ የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚሳር ሆነች። ጋብቻና ፍቺ ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጥቶ የመዝገብ ጉዳይ ሆነ። በ1918 ሩሲያ አቆጣጠሯን ከአውሮፓ ጋር አስተካከለች፦ የጃኑዋሪ 31 ማግስት ፌብሩዋሪ 14 ተባለ፤ የአብዮቱ ፌብሩዋሪ 23ም ማርች 8 ሆነ። በ1921 በሞስኮ የተሰበሰቡት የኮሚኒስት ሴቶች፣ በቡልጋሪያ ተወካዮች ሐሳብ አቅራቢነት፣ የዓለም የሴቶች ቀን በዚህ ዕለት እንዲከበር ወሰኑ። ዓለም ዛሬ በማርች 8 የሚያከብረው የፔትሮግራድ ሸማኔዎች በዚያ ቀን ስለወጡ ነው።

በ1920ዎቹ ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፤ የስብሰባና የዘመቻ ቀን። በ1919 የተቋቋመው የፓርቲው የሴቶች ክፍል «ዤንኦትዴል» በየፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ፣ የጋራ መመገቢያና የልብስ ማጠቢያ ቤት ይከፍት ነበር፤ በየመንደሩም ፊደል ያስቆጥር ነበር። በ1932 ደይኪን የተባለ ሠዓሊ የሠራው ፖስተር የዘመኑን መንፈስ ያሳያል፦ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሠራተኛ በልብስ ክምርና በዕቃ ሥር ለተቀበረች ሴት እጇን ዘርግታለች፤ ጽሑፉም ማርች 8 ሴት ሠራተኞች በማጀት ባርነት ላይ የሚያምፁበት ቀን ነው ይላል።

በመካከለኛው እስያ ቀኑ ደም አፈሰሰ። በማርች 8 ቀን 1927 ፓርቲው «ሁጁም» የተባለውን ዘመቻ በኡዝቤኪስታን ከተሞች ጀመረ፤ ትርጉሙ ጥቃት ነው። ሴቶች በአደባባይ ፊታቸውን የሚሸፍነውን ፓራንጃ አውልቀው እሳት ውስጥ ጣሉ። ከሞስኮ የመጣው ትእዛዝ ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን አላሰበላቸውም። ብዙዎች በባሎቻቸው፣ በወንድሞቻቸውና በጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ። ከእነሱ መካከል ወጣቶቹ ተዋናዮች ቱርሱኖይ ሳይዳዚሞቫና ኑርኾን ዩልዳሼቫ ይገኛሉ። ነፃ ውጪ ብሎ አደባባይ ያወጣት መንግሥት ማታ ደጃፏ ላይ አልቆመላትም። ይህን ሳያነሡ የማርች 8ን ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

በ1930 ስታሊን የሴቶች ጉዳይ ተፈትቷል ብሎ ዤንኦትዴልን ዘጋ። በ1920 ተፈቅዶ የነበረው ጽንስ ማቋረጥ በ1936 ተከለከለ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ 27 ሚሊዮን ያህል የሶቭየት ዜጎች አለቁ። 800 ሺህ ያህል ሴቶች በሠራዊቱ ውስጥ አገለገሉ፤ አብራሪ፣ ተኳሽ፣ ሐኪም፣ ታንከኛ ሆነው። በጁላይ 1944 አሥርና ከዚያ በላይ ልጆች ላሳደገች እናት «ጀግና እናት» የሚል ማዕረግ ወጣ። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ አና አሌክሳኺና 12 ልጆች ወልዳለች፤ ስምንቱ ወንዶች ልጆቿ ዘምተው አራቱ አልተመለሱም። በ1959 የሕዝብ ቆጠራ ሴቶቹ ከወንዶቹ በ20 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ያንን ሀገር መልሰው የገነቡት፣ ጡብ የተሸከሙት፣ በሬ ባልነበረበት ማረሻ የጎተቱት እነሱ ናቸው።

ሜይ 8 ቀን 1965፣ በጦርነቱ የተገኘው ድል 20ኛ ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የሀገሪቱ ፓርላማ፣ ጠቅላይ ሶቭየቱ፣ ማርች 8 ከሥራ ነፃ ቀን እንዲሆን ደነገገ። ምክንያቱ ሴቶች ለኮሚኒዝም ግንባታና ለሀገር መከላከል ያደረጉት አስተዋጽኦ ነው ተባለ። ከ1966 ጀምሮ ሕዝቡ በዚያ ቀን ቤቱ ዋለ። አብዛኞቹ የሩሲያ ሰዎች ዛሬ የሚያውቁት በዓል ከዚህ ዓመት ይጀምራል። ሰልፉ ወደ ቤት ገባ፤ ሴቶቹ ራሳቸው የጠየቁት ነገር ወንዶች የሚሰጧቸው ስጦታ ሆነ። ስጦታው ፍቅር የሌለበት አልነበረም። የሆነ ሆኖ በዚያ ሽግግር አንድ ትልቅ ነገር እንደተወሰደ አምናለሁ።

ልማዱ ግን ውብ ነው። ከመዋለ ሕፃናት ይጀምራል። መምህርቷ ለሳምንታት ልጆቹን ዘፈን ታስጠናለች፤ እናቶችና አያቶች ተጠርተው ይመጣሉ፣ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ፣ ያለቅሳሉም። ልጆቹ በካርቶን ላይ ትልቅ የ8 ቁጥር ቆርጠው በሁለቱ ክብ ውስጥ የወረቀት አበባ ይለጥፋሉ። በትምህርት ቤት ወንዶቹ ተማሪዎች ቀድመው ገንዘብ አዋጥተው ለእያንዳንዷ የክፍላቸው ልጅ ትንሽ ስጦታ ያዘጋጃሉ፤ ለመምህራቸውም አበባ። ልጃገረዶቹ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 23፣ ለወንዶቹ አድርገውላቸዋል። ያ ቀን የቀይ ጦር በዓል የነበረ ሲሆን፣ ያልዘመተውም ጭምር የሚመሰገንበት የወንዶች ቀን ሆኖ ቀርቷል። በአሮጌው አቆጣጠር ሴቶቹ የወጡበትም ፌብሩዋሪ 23 ነበር።

በመሥሪያ ቤት በዓሉ በዋዜማው ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ይቆማል፤ ወንዶቹ ጠረጴዛ አገጣጥመው ኬክ፣ ፍራፍሬና «ሶቭየት ሻምፓኝ» ያቀርባሉ። አለቃው ንግግር ያደርጋል፤ ወንዶቹ ብድግ ብለው ቆመው ለሴቶቹ ጤና ይጠጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ሰላምታ አንድ ነው፦ «ስ ፕራዝድኒኮም!»፣ እንኳን አደረሳችሁ። በጠዋት ስልክ የሚደወለው መጀመሪያ ለእናት፣ ከዚያ ለአያት፣ ለአማት፣ ለእህት፣ ለቀድሞ መምህርት ነው። የማይደወልላት ሴት እንዳትኖር ይጠነቀቃሉ፤ ጎረቤት ያለች ብቸኛ አሮጊትም አበባዋን ታገኛለች። ከሁሉም ልማዶች ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

አበባው ሚሞሳ ነው። እውነተኛ ስሙ የብር ግራር ነው፤ ከእኛ ግራር ጋር ዝምድና ያለው፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ። በ19ኛው መቶ ዘመን በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በአብኻዚያው ሱኹሚ አካባቢ ተተክሎ ተስማማው። ሞስኮ ገና በረዶ ውስጥ ሳለች እዚያ በቢጫ ይሸፈናል። ቅርንጫፎቹ እየተቆረጡ በካርቶን ሳጥን ታሽገው በባቡርና በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ይላካሉ፤ ከካውካሰስ የመጡ ነጋዴዎች በሜትሮ መውጫዎች ላይ በሴሎፎን ጠቅልለው ይሸጡታል። ዕድሜው አጭር ነው፤ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርቃል። በዚያ ሰሞን የሞስኮ ሜትሮ የሚሞሳ ሽታ ይሸታል። ከእሱ ቀጥሎ ቱሊፕ አለ፤ ብዙ ሰው በግል ግሪንሀውሱ፣ አንዳንዱም በቤቱ መስኮት ሥር አብቅሎ ለማርች 8 ያደርሰው ነበር። የአበባው ቁጥር ምንጊዜም ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ሙሉ ቁጥር የሚወሰደው ለቀብር ነው። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ስድስት ጽጌረዳ ይዞ ሲመጣ ሻጯ ራሷ አንድ ትጨምርለታለች፣ ወይም አንድ ትቀንስበታለች።

ስጦታው ከዚያ ይቀጥላል። በሶቭየት ዘመን ሽቶ፣ በተለይ «ክራስናያ ሞስክቫ» የተባለው፣ የቸኮሌት ሳጥን፣ የተሳለ ፖስታ ካርድ ነበር። የበዓሉ ገበታ ላይ «ሚሞሳ» የሚባል ሰላጣ አይጠፋም፦ የቆርቆሮ ዓሣ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ሽንኩርትና ማዮኔዝ እየተደራረበ ከላይ የተፈጨ የእንቁላል አስኳል ይነሰነስበታል፤ መልኩ አበባውን ይመስላል። በብዙ ቤት ባልና ልጆች ቁርስ ይሠራሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። የምሽቱን ገበታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው እሷው ናት። በማግስቱም ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ጉዳይ በ1969 ናታሊያ ባራንስካያ በ«ኖቪ ሚር» መጽሔት ባሳተመችው «እንደ ሌላው ሳምንት» በሚል አጭር ልብ ወለድ አወጣችው። ባለታሪኳ ኦልጋ የ26 ዓመት ተመራማሪና የሁለት ልጆች እናት ናት። ሳምንቷ ላቦራቶሪ፣ ወረፋ፣ አውቶቡስ፣ ማጠቢያ፣ የልጅ ትኩሳት ነው፤ ለራሷ የሚቀር ሰዓት የለም። መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንባቢዎች ይህች እኔ ነኝ አሉ። የመምረጥ መብት፣ ትምህርትና ደመወዝ ተገኝቶ ነበር፤ የማጀቱ ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ቀርቶ ነበር። በ1979 መጨረሻ በቀድሞዋ ፔትሮግራድ፣ በሌኒንግራድ፣ ታትያና ማሞኖቫና ጓደኞቿ «ሴትና ሩሲያ» የተባለ መድበል በጽሕፈት መኪና አሥር ቅጂ አዘጋጅተው በስውር አሠራጩ። ስለ ማዋለጃ ክፍሎች ውርደት፣ ስለ ሰካራም ባል፣ ስለ ሴቶች እስር ቤት ጻፉ። መንግሥት በ1980 መሪዎቹን ከሀገር አባረረ። የሴቶች ጉዳይ ተፈትቷል በሚባልበት ሀገር አሥር ቅጂ ጽሑፍ ለስደት በቂ ነበር።

በዚያው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሞስኮ፣ በሌኒንግራድ፣ በኪየቭና በታሽከንት ይማሩ ነበር፤ የሚሞሳውን ሰሞን ያዩት እነሱ ናቸው። እዚህም በ1980 የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በዓሉን በሰልፍና በመፈክር ያከብር ነበር። ለዚህም ነው ቀኑ በእኛም ዘንድ ሌላ ስም ሳይፈለግለት «ማርች 8» ሆኖ የቀረው።

ሶቭየት ኅብረት በ1991 ሲፈርስ ሌኒን ከአደባባይ ወረደ፤ ማርች 8 ግን አልወረደም። ሩሲያ፣ ቤላሩስ፣ ዩክሬን፣ ካዛኽስታን፣ ኪርጊስታን በሕጋቸው አቆዩት። የባልቲክ ሀገሮች ከሥራ ነፃ ከሆኑ በዓሎቻቸው ዝርዝር ሰረዙት፤ በሪጋና በናርቫ ያሉ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ግን አበባቸውን ይገዛሉ። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ወደ እስራኤል የገቡት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ይዘውት ሄዱ። በኒውዮርክ ብራይተን ቢች ሱቆች በዚያ ሰሞን ቱሊፕ ይሞላሉ፤ የልብስ ሰፊዋ የማልኪል ቀን ከዘጠኝ አሥርት ዓመታት በኋላ በሌሎች ስደተኞች እጅ፣ ሌላ መልክ ይዞ፣ ወደ ከተማው ተመለሰ።

ገበያው ሲከፈት ጽጌረዳ መጣ። ቱሊፑ ከሆላንድ፣ ረጅም አገዳ ያለው ጽጌረዳ ከኢኳዶር፣ ቀጥሎም ከኬንያና ከኢትዮጵያ። በባቱ፣ በሆለታና በሰበታ ግሪንሀውሶች ውስጥ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ያሉት ሳምንታት በዓመቱ ውስጥ ሥራ ከሚበዛባቸው መካከል ናቸው። አበባው በማለዳ ይቆረጣል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በርዝመቱ ተለይቶ ይታሰራል፣ ሌሊት በአውሮፕላን ይጫናል። አብዛኛው ወደ ሆላንድ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚቀጥለውም አለ፣ ወደ ሞስኮ የሚደርሰውም። የሚቆርጡትና የሚያስሩት እጆች አብዛኞቹ የሴቶች ናቸው፤ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይደነገግ ባደገ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሠሩ። የፔትሮግራድ ሸማኔዎች ያነሡት ጥያቄ የእነሱም ጥያቄ ነው።

በአዲሱ መቶ ዘመን በሩሲያ አበባው በዛ፤ ሕጉ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በፌብሩዋሪ 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመና ከባድ ጉዳት ያላደረሰ የቤት ውስጥ ድብደባ ከወንጀል ወደ ደንብ መተላለፍ ዝቅ ተደረገ። ሴቶች እንዳይሠሯቸው የተከለከሉት 456 የሥራ ዓይነቶች እስከ 2020 መጨረሻ ጸንተው ቆዩ፤ ከ2021 ጀምሮ ወደ 100 ገደማ ሲቀነሱ በሞስኮ ሜትሮ ሴት ባቡር ነጂዎች ሥራ ጀመሩ። በኪርጊስታን ዋና ከተማ በቢሽኬክ በማርች 8 ቀን 2020 ጥቃት ይቁም ብለው የወጡ ሴቶችን ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ደበደቧቸው፤ ፖሊስ ያፈሰው ግን ሴቶቹን ነው። በካዛኽስታኗ አልማቲ በ2021 የሴቶች ሰልፍ በመንግሥት ፈቃድ ተካሄደ። በእነዚህ ከተሞች ወጣቶቹ የያዙት ጥያቄ እንጂ አበባ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በማግስቱ ወጣት ሴቶች «የፌሚኒስቶች ፀረ ጦርነት ተቃውሞ» የሚል ንቅናቄ አቋቋሙ። ሰልፍ የሚያሳስር ስለነበር የበዓሉን ልማድ ተጠቀሙ፦ በማርች 8 ሴቶች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ወደቆሙ ሐውልቶች አበባ ይዘው እንዲሄዱ ጠሩ። በብዙ ከተሞች ሄዱ፤ አንዳንዶቹ አበባቸውን በሰማያዊና በቢጫ ጥብጣብ አስረው። አበባ መያዝም አላዳናቸውም፤ የተያዙ ነበሩ። በዲሴምበር መንግሥት ንቅናቄውን «የውጭ ወኪል» ብሎ መዘገበው።

ሴቶቹ አበባ ይዘው በወጡበት በዚያው በማርች 8 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ፑቲን እንደ ወጉ በቴሌቪዥን ለሀገሪቱ ሴቶች የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አስተላለፉ። ንግግራቸው በተለይ ወደ ወታደሮች እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ያዘነበለ ነበር። ለብሔራዊ ግዴታ የተጠሩ ምልምል ወታደሮች በውጊያው እንደማይሳተፉና እንደማይልኳቸው ቃል ገቡ። በማግስቱ፣ ማርች 9 ቀን፣ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ምልምሎች ወደ ዩክሬን መላካቸውንና ከእነሱም የተማረኩ እንዳሉ አመነ።